ሚጥሚጣ ያቃጥላል፤ ግን ያቆስላል? ከሲቹዋን «ደረቅ ድስት» እስከ ጣና ዳር ሸክላ ጥብስ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ እዚህ ልመልስ፤ ጠያቂዋም ፈቅዳልኛለች። ባሕር ዳር ነው የምትኖረው። ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ ከቻይናውያን የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ምሳ ወጥታ የሲቹዋን «ደረቅ ድስት» የሚባለውን ምግብ ቀመሰች። ምላሷ ደነዘዘ፣ ከንፈሯን ወረራት፣ ግንባሯ ላብ በላብ ሆነ። ባሕር ዳር በተመለሰች በሳምንቱ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር ከጓደኞቿ ጋር ሸክላ ጥብስ በአዋዜ በላች፣ ከላዩ ላይ ድራፍት ጠጣች። ሌሊቱን ደረቷ ሥር ሲያቃጥላት አደረ። ጥያቄዋ ይቺ ናት፦ «ዶክተር፣ በቃ ጨጓራዬ ቆስሏል ማለት ነው? በርበሬ ላቁም?»

አጭሩ መልስ፦ በምግብ መጠን የተበላ በርበሬ የጨጓራ ቁስለት አያመጣም። ግን ይህን ብቻ ብዬ ብተው ጥሩ አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ በርበሬው ሳይሆን፣ ሁሉንም ነገር በበርበሬ እያሳበብን ትክክለኛውን ጥፋተኛ ሳናይ መቅረታችን ነው። በዚህ ምክንያት ደም እየፈሰሳቸው አልጫ እየበሉ ቤታቸው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ። ወደዚያ እመጣለሁ።

እስቲ መጀመሪያ ምግቡን እንተዋወቅ። ሲቹዋን በደቡብ ምዕራብ ቻይና ያለ ክፍለ ሀገር ነው። «ደረቅ ድስት» የተባለው መረቅ ስለሌለው ነው። ተመጋቢው ሥጋውን፣ ዓሣውን፣ ድንቹን፣ እንጉዳዩን፣ ቅጠላ ቅጠሉን ራሱ ይመርጣል፤ ብዙ ቦታ ተመዝኖ ነው የሚከፈልበት። የማቃጠሉን ደረጃም ይናገራል፦ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ኃይለኛ። ከዚያ በዘይት፣ በደረቅ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሲቹዋን ቅመም ተጠብሶ በትልቅ ሳህን ይመጣል። ስሙ ላይ ያለው «ማላ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፤ «ማ» ማደንዘዝ፣ «ላ» ማቃጠል።

የኛ ሸክላ ጥብስ የሩቅ ዘመዱ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ሥጋው ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጥብስ ቅጠል ጋር ተጠብሶ ሥሩ ፍም ባለው ሸክላ ይቀርባል። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ደግሞ የዓሣው ወገን አለ፤ ተተልትሎ ሙሉውን የተጠበሰ ቀረሶ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለት። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በኛ ማቃጠያው በአብዛኛው ጎን ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አዋዜውን፣ ሚጥሚጣውን፣ ዳጣውን የምታጠቅሱት እናንተ ናችሁ። በነሱ ግን ቅመሙ ከምግቡ ጋር አብሮ ተጠብሶ ይመጣል፣ ዘይቱም ጠጥቶታል፤ ሳህኑ ከቀረበ በኋላ መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ «ትንሽ» የሚለውን እዘዙ፤ ሥር የተጠራቀመውን ቀይ ዘይትና ደረቅ በርበሬውን መብላት ግዴታ አይደለም፣ እነሱም አይበሉትም።

አንድ ነገር በመሀል ልበል። በርበሬ የኛም የቻይናም አይደለም። መገኛው አሜሪካ አህጉር ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከተሻገረ በኋላ ነው ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው። ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ ሊታሰበን ባይችልም፣ ከዚያ በፊት የነበሩ አያቶቻችን የሚበሉት ወጥ ቢያቃጥል እንኳ በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝ፣ በዝንጅብል ዓይነት ነገር ነበር።

ወደ ጠያቂዬ ምላስ እንመለስ። መደንዘዙ አስደንግጧት ነበር፤ «መርዝ የበላሁ መሰለኝ» ነው ያለችኝ። የሲቹዋን ቅመም ስሙ «የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ» ቢባልም ቁንዶ በርበሬም በርበሬም አይደለም፤ ከሎሚና ከብርቱካን ወገን የሆነ ተክል የፍሬ ልጣጭ ነው። ውስጡ ሳንሹል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ንክኪን የሚለዩትን የነርቭ ጫፎች ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች የሰዎች ከንፈር ላይ ቀብተው ሲለኩት፣ ስሜቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚርገበገብ ነገር ጋር የሚመሳሰል ሆኖ አግኝተውታል። ማለትም ከንፈሯ በእውነት ሳይንቀጠቀጥ የተንቀጠቀጠ መስሎ ተሰምቷታል። በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነገር ነው፣ ጉዳት የለውም።

ይህን ግን ከአለርጂ ለዩት። ከንፈር ወይም ዓይን ማበጥ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ መውጣት፣ የጉሮሮ መጥበብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ካለ ቅመሙ አይደለም፤ በአስቸኳይ ሐኪም ቤት። ደረቅ ድስት ውስጥ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ብዙ ጊዜ ስለሚገባ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ሳይጠይቅ እንዳይበላ።

አሁን ወደ ማቃጠሉ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቃሪያ የሚያቃጥሉት ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሰውነታችን ሙቀት 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ «ተቃጠልኩ!» ብሎ የሚጮህ በር ነርቮቻችን ላይ አለው። ካፕሳይሲን ይህንኑ በር ይከፍተዋል። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 በሩን ያገኘው ካፕሳይሲንን መፈለጊያ አድርጎ ነው፤ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ልብ በሉ፦ አፋችሁ ውስጥ የተቃጠለ ነገር የለም። ማንቂያ ደወሉ ጮኸ እንጂ ቤቱ እሳት አልያዘም። ላቡ፣ ንፍጡ፣ እንባው ሁሉ ሰውነት «እሳት አለ» ብሎ ለማብረድ የሚያደርገው ነው።

ይህ በር አፍ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። የምግብ ቧንቧ ላይ አለ፣ ጨጓራ ላይ አለ፣ አንጀት ላይ አለ፣ እስከ መጨረሻው መውጫ ድረስ አለ። ሲገባም ሲወጣም የሚያቃጥለው ለዚህ ነው፤ አትሳቁ፣ በጣም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ጨጓራ ላይ የሚሰማችሁ ማቃጠል ቁስል መኖሩን አያረጋግጥም፤ ልክ ምላሳችሁ ላይ እንደሚሰማችሁ ነው።

አፋችሁ ሲቃጠል ውኃ የማይረዳችሁ ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟ ነው፤ እንዲያውም አዳርሶት ቁጭ ይላል። ቢራም ያው ነው፣ የአልኮል መጠኑ ጥቂት ስለሆነ አያጥበውም። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ ግን ውስጣቸው ያለው ስብና ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ይሄዳል። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እጃችሁን በተመለከተም በውኃ ብቻ አትለቃለቁ፤ በሳሙና ታጠቡ። በተለይ የዓይን ሌንስ የምታደርጉ፣ ሚጥሚጣ የነካ እጅ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሲያስጮኽ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

እሺ፣ ጨጓራውስ? ይህን ሰዎች ገምተው ብቻ አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎችን መርጦ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ምግብ አበላቸው፤ አንዴ አልጫ ነገር፣ አንዴ አልጫውን ከአስፕሪን ጋር፣ አንዴ በቃሪያ የተሞላ የሜክሲኮ ምግብ። ከዚያ በካሜራ ጨጓራቸውን አዩት። የሚያቃጥለውን ምግብ የበሉት ጨጓራ ላይ የረባ ጉዳት አልታየም። የተፈጨ ቃሪያ በቀጥታ ጨጓራ ውስጥ ሲጨመርም ያው ነው። አስፕሪን ሲወስዱ ግን የአብዛኛዎቹ ጨጓራ ብዙ ቦታ ተላልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲንጋፖር ላይ የወጣ ሌላ ጥናትም የቁስለት ሕመምተኞችን ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽር፣ ቁስለት ያለባቸው ይበሉት የነበረው በርበሬ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። በእርግጥ ይህ ብቻውን በርበሬ መድኃኒት ነው አያሰኝም፤ ሲያማቸው የቀነሱም ይኖራሉ። ግን «በርበሬ የበላ ሁሉ ይቆስላል» የሚለውን አይደግፍም።

ታዲያ የሚያቆስለው ምንድን ነው?

ሁለት ዋና ጥፋተኞች አሉ። አንደኛው ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት ባክቴሪያ ነው፤ ኤች ፓይሎሪ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ባክቴሪያውን አሳድገው «ቁስለት የሚመጣው ከዚህ ነው» ሲሉ የሰማቸው አልነበረም። የዚያን ጊዜ ትምህርት «ጭንቀትና ቅመም ነው» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርሻል ምን አደረገ? ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ ጀመረው፤ ጨጓራው ሲታይ ተቆጥቷል። (እናንተ ቤት ውስጥ አትሞክሩት።) ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። አሁንም ግን እኛ ሰፈር «ጭንቀትና በርበሬ» የሚለው አለ።

በሀገራችን የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ግማሽ ያህሉ ሰው ይህን ባክቴሪያ ተሸክሟል። በአብዛኛው በልጅነት፣ ከቤተሰብ ነው የሚተላለፈው፤ በምራቅ፣ በትውከት፣ በሰገራ በተበከለ እጅና ውኃ። ጉርሻን ጠይቃችሁኛል፦ የጎረሳችሁ ሁሉ ያዛችሁ ማለት አይደለም፣ እጅ መታጠቡ ነው ዋናው። ከተሸከሙት ውስጥ ደግሞ ብዙው ሰው በሕይወቱ ሙሉ ቁስለት አይወጣበትም። ስለዚህ «ፖዘቲቭ ነህ» መባል ብቻውን አያስደንግጣችሁ።

ምርመራውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። በደም የሚሠራው ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ የተነሳ ታክመው የዳኑ ሰዎች ሦስትና አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሲውጡ አያለሁ። የሰገራው ምርመራ ይሻላል፤ አሁን ያለውን ነው የሚያሳየው። ነገር ግን ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ለ4 ሳምንት ካልተቋረጠ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ለሌላ ሕመም የታዘዘላችሁን ግን ለምርመራው ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሕክምናው ሲታዘዝላችሁ ደግሞ በአብዛኛው 14 ቀን ነው። በ6ኛው ቀን ሲሻላችሁ አታቁሙት። የቀረውን ካርቶን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት ለጎረቤት መስጠትም ይቅር።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የሕመም ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ኢንዶሜታሲን። ጨጓራችን ራሱን ከአሲዱ የሚጠብቀው ወፍራም ልግ በማመንጨት ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ነገር ሲያግዱ ልጉን የሚያሠራውንም አብረው ያግዱታል። ጨጓራው ራቁቱን ይቀራል። ሐኪም ለአጭር ጊዜ ሲያዝዛቸው ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፣ እኔም አዝዛለሁ። ችግሩ በወር ሠላሳ ቀን ከመድኃኒት ቤት እየተገዙ ሲዋጡ ነው። «እኔ በመርፌ ነው የምወስደው፣ ጨጓራ አይነካም» የምትሉም አላችሁ። ይነካል። ጉዳቱ በደም በኩልም ስለሚደርስ መርፌ መሆኑ አያድናችሁም።

ከዓመታት በፊት ያየኋቸውን አንድ አባት ልንገራችሁ። ጡረተኛ ናቸው። የመጡት በዊልቸር ነው፤ ደክሟቸዋል፣ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ የዓይናቸው ውስጥ ነጭ ሆኗል። «ጨጓራ ነው ልጄ» አሉኝ። «አራት ወር ሆነኝ በርበሬ ከተውኩ፤ በአልጫና በአጥሚት ነው ያለሁት፣ አልተሻለኝም።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ አባቴ?»

«ኧረ ምንም የለም።»

«ለጉልበትዎስ? ለወገብዎ?»

«እሱማ የጉልበት ኪኒን ነው እንጂ መድኃኒት ነው እንዴ!»

ዳይክሎፌናክ ነበር። ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ወር። ሰገራቸውን ስጠይቃቸው «ጥቁር ነው፤ የድሮው በርበሬ እየወጣልኝ ነው ብዬ» አሉኝ። ደማቸው ሲለካ 6 ነበር፣ ከሚገባው ግማሽ በታች። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ደም የሚያፈስ ቁስል ተገኘ። ደም ተሰጥቷቸው፣ ኪኒኑ ቆሞ፣ ታክመው ድነዋል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞልና የጡንቻ እንቅስቃሴ ተሰጣቸው። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ «አሁን በርበሬ ይፈቀድልኛል?» ነው መጀመሪያ የጠየቁኝ። ተፈቅዶላቸዋል።

ስለዚህ ይህን አስታውሱልኝ፣ ለእናት ለአባታችሁም ንገሩ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ለየት ያለ መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ትውከት ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል። ባሕር ዳር ያላችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ የሚቀርባችሁ ሆስፒታል። (የደም ማነስ የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራውም ይጠቁራል፣ ግን አብሮ መድከምና ማዞር ካለ በኪኒኑ አታሳብቡት።) ድንገት የመጣ፣ ሆድን እንደ ድንጋይ የሚያደርቅ ከባድ ሕመምም እንዲሁ ነው። ሲውጡ መተናነቅ፣ ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ ወይም ዕድሜ ከ50 ካለፈ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ የጨጓራ ሕመም ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ባይሆንም በኦሜፕራዞል እያስታገሱ የሚያቆዩት አይደለም፤ ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል። የጨጓራና የምግብ ቧንቧ ካንሰር አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ሌሊት እንምጣ። ዕድሜዋ 29 ነው፣ ማስታገሻ አትወስድም፣ ጥቁር ሰገራ የለም፣ ክብደቷ አልቀነሰም፣ ማቃጠሉ የመጣው ተኝታ ነው፣ ወደ ደረቷም ይወጣል። ይህ ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ምግብ ቧንቧ ሲመለስ ማለት ነው። እስቲ ምሽቱን ተመልከቱት፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቅባት የበዛበት ጥብስ፣ ሆድ እስኪነፋ እንጀራ፣ ሁለት ድራፍት፣ ከዚያ 5 ሰዓት ላይ ጋደም። ቅባት ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል። አልኮል በቧንቧውና በጨጓራው መሀል ያለውን መዝጊያ ያላላል። መጋደሙ አሲዱን መንገድ ያስይዘዋል። አዋዜው ምን አደረገ? አሲዱ የነካካው ቧንቧ ላይ ደወሉን አስጮኸ። ከሁሉም ውስጥ ጥፋቱ ትንሹ የሱ ነው፤ ስሙ ግን የሚነሳው እሱ ነው፣ ስለሚሰማ።

የነገርኳት ይህን ነው፦ ምሳ ላይ ብይው፣ ማታ ከሆነም ከመተኛትሽ በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር። ለአንድ ሰው የሚበቃውን ሸክላ ለሁለት ተካፈሉት። ከምግብ በኋላ ሐይቁ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ የተሠራው ለፎቶ ብቻ አይደለም፤ 20 ደቂቃ ተራመጂበት። ማታ ማታ የሚደጋገም ከሆነ የአልጋውን ራስጌ በግራም በቀኝም እግሩ ሥር እንጨት አድርገሽ ከፍ አድርጊው፤ ትራስ መደራረብ አንገት ያሳምማል እንጂ አይረዳም። የዘጌ ቡናም ቢሆን ማታ ላይ ለቃረኛ ሰው ወዳጅ አይደለም። እንዲህም ሆኖ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስቸገራት ትመርመር።

ሌላም ወገን አለ። ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ጨጓራቸው የሚያቃጥላቸው፣ የሚነፋቸው፣ ቶሎ የሚጠግቡ ሰዎች። «ጨጓራ አለብኝ» ከሚሉኝ ብዙዎቹ እዚህ ይገባሉ። (ጨጓራማ ሁላችንም አለን!) የእነሱ ነርቭ ከሌላው ሰው ይልቅ ንቁ ነው፤ በርበሬ ባያቆስላቸውም ያሳምማቸዋል። ሕመማቸው የውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የሚያሳምመውን መጠን ራሱ አውቆ ይቀንስ፤ ቤተሰብም «ሐኪሙ ምንም የለብህም ብሎሃል፣ ብላ» እያለ አያስጨንቀው። ቁስለት ተገኝቶበት በሕክምና ላይ ያለ ሰውም፣ በርበሬ ቁስሉን ባያመጣው እንኳ ቁስል ላይ ማቃጠሉ አይቀርምና እስኪድን ቢቀንስ ለራሱ ምቾት ነው። በጾም ጊዜ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ባዶ የዋለ ሆድ ላይ መጀመሪያ የሚወርደው አዋዜ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ትንሽ ሾርባ ወይም ድንች ይቅደም።

ኪንታሮት ያለባችሁስ? አንድ የጣሊያን ጥናት ላይ ኪንታሮት ላለባቸው ሰዎች በርበሬ ተሰጥቶ ሕመሙን አላባባሰውም። ፊንጢጣው የተሰነጠቀ ሰው ግን በእውነት ይሠቃያል፤ እስኪድን ይተወው። ሲወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካላችሁ መሰንጠቁ ነውና ለይታችሁ ለሐኪም ንገሩ። ከሚያቃጥል ምግብ በኋላ በዚያው ቀን አንዴ ሁለቴ ሆድ መለስለስ ያለ ነው፣ አንጀትን ያፈጥነዋል። ትኩሳት፣ ደም ወይም ከሁለት ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ ካለ ግን ሚጥሚጣውን ልቀቁት፤ ሰላጣውን፣ በጥሬው የቀረበውን ቃሪያ፣ የታጠቡበትን ውኃ ጠርጥሩ።

አንድ የተሳሳተ እምነትም ላንሳ፦ «ሚጥሚጣ ከበዛበት ጥሬ ሥጋ ምንም አያደርግም።» ሚጥሚጣ የኮሶ ትልን አይገድልም። ዳጣና ሎሚም በጥሬ ዓሣ ውስጥ ያለን ጥገኛ ትል አይገድሉም፤ ትሉን የሚገድለው በደንብ መብሰል ነው። ተጠብሶ ቆዳው የተንኮሻኮሸ ቀረሶ ጣና ዳር ሞልቶ ሳለ በጥሬው ካልበላሁ ማለት አይገባኝም፣ ግን ይህ የኔ ምላስ ነው።

ከበርበሬው ይልቅ እኔ የምፈራው በርበሬው ውስጥ የሚገባውን ነው። እርጥበት ባለበት የተከማቸ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይሠራል፣ ቆልቶ መፍጨትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተፈጨ ስትገዙ ደግሞ ቀለምና ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። እኛ እኮ በርበሬ በሚመረትበት አካባቢ ነው ያለነው፤ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን ቅርብ ናቸው። ዛላውን ገዝታችሁ፣ ሰንጥቃችሁ ውስጡን አይታችሁ፣ የሻገተውን ለይታችሁ አስፈጩ። ለቅመማው የምትደክሙትን ያህል ለዛላው ምርጫ ድከሙ።

«አያቆስልም» አልኩ ማለት ግን ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ሚጥሚጣ በማንኪያ ሙሉ እየዋጡ የሚወዳደሩ ልጆች እያየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ እንዲህ ባለ ውድድር እጅግ የሚያቃጥል ቺፕስ በልቶ በዚያው ቀን ሞቷል፤ በምርመራ ልቡ ላይ ቀድሞ ያልታወቀ ችግር ተገኝቷል፣ አምራቹም ምርቱን ከገበያ አነሳው። ኃይለኛ ትውከት የምግብ ቧንቧን ሊቀድ ይችላል፣ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ ያፍናል፣ አስም ያለበት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ልጆቻችሁ ስልክ ላይ ምን እያዩ እንደሆነ እዩ።

ጠያቂዬ አሁን ደህና ናት። በርበሬ አላቆመችም፤ ያቆመችው ማታ 3 ሰዓት ላይ መብላቱን ነው። ደረቅ ድስቱንም ደግማ ልትሞክረው እንደሆነ ጽፋልኛለች፣ በዚህኛው «ትንሽ» በሚለው ደረጃ።

ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ ስትጽፉም ዕድሜያችሁን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ አብራችሁ ጻፉ፤ «የጉልበት ኪኒን» የሚባለውንም። ጥቁር ሰገራ ያያችሁ ግን እባካችሁ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር አትላኩልኝ። መልሴን ስትጠብቁ ጊዜ ያልፋል፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።